በቀለም ቀን ሽንኩርት አይጠበስም

ባለፈው ሳምንት አንድ መንጋጋ ጥርሴ ተሰንጥቆ፣ ካዛንቺስ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጎን ባለ የጥርስ ክሊኒክ አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ነበር። ሐኪሟ፣ ከሚገባው በላይ የምትናገር ነገር ግን እጇ የማይንቀጠቀጥ ወጣት፣ ለጊዜያዊ ሽፋን የሚሆነውን ዱቄት ከፈሳሹ ጋር በትንሽ ሳህን ላይ ማዋሐድ ስትጀምር፣ ከሳህኑ የተነሣው ሹል፣ ጣፋጭ መሰል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ዓይኔን በእንባ ሞላው። አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አፉን የከፈተ ሰው መልስ ከመስጠት ነጻ ነው፤ እሷም ማደንዘዣ ጨመረችልኝ።

ኬሚስት ነኝ፤ ያ ሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፈሳሹ ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ ሳይያያዝ የቀረውና ወደ አየር ያመለጠው ክፍል ነው፤ ከፋይበርግላስ ሙጫ ሽታ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን በፊርማዬ ላረጋግጥ እችላለሁ። አፍንጫዬ ግን ለዲግሪዎቼ ደንታ የለውም። ከክሊኒኩ መስኮት ማዶ፣ ዛሬ የሆቴሉ እንግዶች መኪና የሚያቆሙበት አስፋልት ላይ፣ የአባቴን ግቢ እንዳለ አቆመልኝ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ እዚያ አስፋልት ላይ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ሦስት የቀበሌ ቤቶች አንድ ግቢና አንድ የውሃ ቧንቧ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። የእኛ የመጨረሻው ነው፤ ከጀርባው አባቴ በሸራና በወፍራም ፕላስቲክ የከለለው፣ አንድ መኪና ብቻ ትንፋሹን ሰብስቦ የሚገባበት ዳስ ነበረ። የሌላ ሰፈር ልጆች ሳምንታቸውን በትምህርትና በበዓል ሲከፍሉ፣ እኛ በፍተጋ ቀንና በቀለም ቀን እንከፍለው ነበር። በፍተጋ ቀን ከዳሱ ሥር ወተት የመሰለ ግራጫ ውሃ እየወጣ ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ የብርጭቆ ወረቀቱም ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ አንድ ትልቅ እንስሳ ትንፋሽ ይሰማል። በቀለም ቀን ግን ግቢው ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱ ውሃ ይረጫል፣ መጥረጊያ አይነሣም፣ ዶሮዎች ቅርጫት ይደፋባቸዋል፣ ልብስ አይሰጣም፣ ፀጉሯን ቅባት የተቀባች ሴት በዳሱ በኩል አታልፍም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሦስቱም ቤቶች ሽንኩርት አይጠበስም። ከድስቱ የሚነሣው ቅባት በአየር ተንሳፍፎ ይመጣና ያልደረቀ ቀለም ላይ ይቀመጣል፣ ቀለምና ቅባት ደግሞ ሽማግሌ ቢገባ አይታረቁም፤ ይህ የአባቴ ሃይማኖት ነበር። ጎረቤታችን እማማ ጽጌ ይህን ቀን «የበርጋ ጾም» ብለው ሰይመውት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ያወጀችው ሳያንስ በርጋ ጨመረብን እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ሆኖም ድስታቸውን አይጥዱም።

አባቴ አቶ በርጋ ትሑት ሰው አልነበረም። ለሥራ ቱታ የሚለብስ ሰው ቀለም እንደሚነካው አስቀድሞ ያመነ ሰው ነው ይል ነበር፤ እሱ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፎ፣ የእናቴን አሮጌ ነጠላ አፍና አፍንጫው ላይ አስሮ ይቀባል፣ ሲወጣም ሸሚዙ ነጭ ነው። የቀባውን መኪና መንገድ ላይ ሲያገኝ ቆሞ ያየዋል፤ ሌላ ሰው የቀባውን ሲያገኝ ደግሞ በሐዘን ፊቱን ያዞራል። ቀድሞ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የሥራ ኃላፊው አንድ ቀን በሠራተኛው ፊት አንድ ፓራፋንጎ፣ የመኪና ጎማ የሚከልለውን ቆርቆሮ፣ እያሳየ «ይሄን በደንብ አላጠብከውም» አለው፤ አባቴ መርጫውን በጥንቃቄ አጽድቶ፣ ጠቅልሎ፣ ሰቅሎ ወጣ፣ ሁለተኛም አልተመለሰም። ሰነፍ ቢሉት ይታገሥ ነበር፣ ሳይታጠብ ቀባ ሲባል ግን አልቻለም። እናቴ ይህን ታሪክ በምሬት ትነግረን ነበር፤ እኔ ግን ገና በልጅነቴ በድብቅ እኮራበት ነበር።

የእናቴ ወገኖች የቢሮ ሰዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሰሎሞን የመምሪያ ኃላፊ፣ ክራቫት የማይለያቸው፣ ቤታችን ሲመጡ ቀለም ይነካኛል ብለው ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ፤ ሰው ናቂ አልላቸውም፣ ግን እህታቸው ቀለም ቀቢ ማግባቷን እንደ አንድ ያልተፈወሰ ሕመም በጨዋነት ነበር የሚጠይቁት። ነጭ ኮሮላ ነበረቻቸው። በዚያ ዓመት፣ የልጃቸው የሂሩት ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ሳለ፣ ሜክሲኮ አንድ የግንባታ ሥራ ሥር ካቆሙበት የባሕር ዛፍ አጣና ከላይ ተንሸራቶ የሞተሯን ክዳን፣ ኮፈኗን፣ እንደ ወረቀት አጠፈው። ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ሙሽራዋ የምትሄደው በዚያች መኪና ነበር፤ አጎቴ የልጃቸውን ሠርግ በኪራይ መኪና ላለማድረግ ለዘመድ ሁሉ ምለው ተናግረው ነበርና፣ ከዱባይ ዕቃ ከሚያመላልስ ነጋዴ አዲስ ኮፈን ገዝተው በሚኒባስ ጣሪያ አስጭነው መጡ። ኦሪጅናል ነው አሉ።

አባቴ በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳው። እንደ ደረቅ ቅል ጮኸ። ጎረቤቶች ቆመው ነበር፤ የመምሪያ ኃላፊው በነጋዴ መታለላቸውን ለማየት የጓጓ ዓይን በግቢው አልጠፋም። አባቴ ቆርቆሮ ሳይሆን ፋይበርግላስ መሆኑን አልሸሸገም፣ ግን ቆርቆሮው በዝናብ እንደሚዝግና ይህ ፈጽሞ እንደማይዝግ፣ የመረጠው ሰው አስቦ እንደመረጠ አድርጎ ተናገረ፤ አጎቴም ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ አዎ፣ እንዲያ አስቤ ነው አሉ። ያን ዕለት የእናቴን ፊት አየሁ። ከወንድሟ ቤት አንድ ዕቃ በባሏ እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ኮፈኑ ካማረ፣ ከዘመድ ሁሉ ፊት፣ ከሙሽራዋ ቀድሞ የሚታየው የአባቴ ሥራ ይሆናል፤ ካላማረም እንዲሁ። ይህን ማንም አላለውም፣ ሁላችንም ግን በዚያ ሳምንት በጣታችን ጫፍ ነበር የምንራመደው።

ዛሬ ብዙ የሠለጠኑ እጆች አይቻለሁ፤ የአባቴን ያህል ትዕግሥተኛ እጅ ግን አላየሁም። አዲስ ፋይበር ከፈሰሰበት ቅርጽ ሲወጣ ሰም ይዞ ይወጣል። ያለዚያ ሰም ከቅርጹ አይላቀቅም፣ ከዚያ ሰም ጋር ደግሞ ቀለም አይዝም። በፈላ ውሃና በሳሙና ያጥበውና ከላይ በኩል ውሃ ያፈስበታል፤ ውሃው ተቆራርጦ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፣ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ጸድቷል። ዶቃ ካየ እንደገና ውሃ ያስፈላል። ቲነር፣ የቀለም ማቅጠኛውን፣ ሲያስነካው ጨርቁን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይስባል፣ ባበሰበት ፊት ዳግመኛ አያብስበትም፤ ቆሻሻን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ማጽዳት አይደለም ይል ነበር፤ ይህን አባባል በሥራ ዘመኔ ከአንዳንድ የተሐድሶ ስብሰባዎች እየወጣሁ ለራሴ ደግሜዋለሁ።

ኮፈኑ በመኪናው አፍ ላይ ሲቀመጥ አልገጠመም፤ በአንድ ጎኑ ከፍ፣ በሌላው ጎኑ ጠበብ አለ። አባቴ የክብሪት ቀፎ ካርቶን ቀድዶ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት ዙሪያውን እያስኬደ፣ ካርቶኑ ያልገባበትን ጠርዝ በሞረድ እየፋቀ፣ የላላበትን በሙጫና በመስታወት ክር እየሞላ ዋለ። ካርቶኑ ከዳር እስከ ዳር ሳይይዝና ሳይወድቅ ሲሄድ ሰጠኝና እኔ አስኬድኩት። ከዚያ በኋላ በጣም ብዙ የመለኪያ መሣሪያ በእጄ አልፏል፣ ያን ያህል ያመንኩት የለም። ቀጥሎ ላዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ክፍተቶችን በስቱኮ ደፈነ፣ በጠፍጣፋ እንጨት የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎ ከውሃ ጋር ፈተገ፣ ዓይኑን ጨፍኖም በመዳፉ ዳሰሰ። ዓይን ይሸነገላል፣ መዳፍ ግን አይሸነገልም።

ለቀለሙ የነዳጅ ማስገቢያውን ክዳን ነቅሎ፣ ፀሐይና ጥላ ውስጥ እያመላለሰ አጠናው። ነጭ የሚባል ቀለም የለም ይል ነበር፤ የአጎቴ ነጭ ለዓመታት ፀሐይ መትቶት የቅቤ ጥላ የመሰለ ነገር ሆኗል። አንዲት ጠብታ ጥቁርና ትንሽ ቢጫ ጨምሮ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ሲሞክር፣ ሲጥል፣ እንደገና ሲሞክር የሚያዩት የሰፈር ሰዎች ቀልዱን ጀመሩት፤ በርጋ የሙሽራዋ ሳይሆን የኮፈኑ ሚዜ ሆኗል አሉ። አልሳቀም። ሚዜ ከሆንኩስ ሙሽራዬን አሳምሬ ነው የማወጣት አለ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ረቡዕ ማታ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝለው ያሳደጉት እትዬ ወለላ፣ ለድግሱ ሊያግዙ ከቡታጅራ በኩል መጡ፤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው፣ እግራቸው በአውቶቡስ አብጦ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። ዳሱ ውስጥ ግድግዳ የተደገፈውን ዕቃ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ ከሙሽራዋ ፊት ፊት የሚሄደው ነው አላቸው። እትዬ ወለላ ባደጉበት አገር አዲስ ቤት ሲቆም ምሰሶው ቅቤ ይቀባል፣ ሙሽራ ስትወጣ አናቷ ቅቤ ይቀባል፤ ከሙሽራ ፊት የሚሄድ ነገር ደረቁን ይሂድ ማለት ለእሳቸው ሰውን ሳይመርቁ መሸኘት ነው። ስለ በርጋ ጾም የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሐሙስ ማለዳ፣ ቤተሰቡ ሳይነቃ፣ ለጸሎት ተነሥተው ወደ ዳሱ ገቡ።

አባቴ ውሃውን አፍስሶ የፈተነው ረቡዕ ከሰዓት ነበር፤ ንጹሕ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አቧራውን በነጠላ አራግፎ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ ሞተር የሠራውን ኮምፕሬሰር አስነሣ፤ ያ ሲነሣ የሦስቱም ቤት አምፖል ይደበዝዛል። ግራጫውን መሠረት ቀለም መርጨት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሐር ተዘረጋ። ከዚያ በኮፈኑ መካከል ቀለሙ ራሱን መሰብሰብ፣ ከአንዳንድ ነጥብ መሸሽ ጀመረ፤ ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች፣ እሱ ዓይን የሚላቸው፣ እያየናቸው ተከፈቱ። ዓይኖቹ እንዲሁ አልተበተኑም። አንድ ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ተሰለፉ። መስቀል ነበር።

አባቴ መርጫውን አውርዶ አፍንጫውን ወደ ኮፈኑ አስጠጋ። እኔም ከጎኑ ቆሜ ነበርና ከቲነሩ ሥር ሸተተኝ፤ ያልተነጠረ የገጠር ቅቤ። ሁለታችንም ወደ ቤቱ ደጃፍ አየን። እትዬ ወለላ እዚያ ተቀምጠው፣ የድግሱን ነጭ ሽንኩርት እየላጡ፣ ለራሳቸው ቀስ ብለው እያንጎራጎሩ ነበር።

አጎቴ የመጡት በዚያው ሰዓት ነው፤ ሥራው እንዴት እንደሄደ ሊያዩ፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ሁለት ሰዎች አስከትለው። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ጎረቤቶች ከየበራቸው ብቅ አሉ። አጎቴ ኮፈኑን ጎንበስ ብለው አዩት፤ ሰዎቻቸውም አዩት።

«ምነው በርጋ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፈንጣጣ ያወጣ እኮ ነው የሚመስለው።»

ከተከተሏቸው አንዱ ሳቀ። አጎቴ ድሮም ጋራዥ ልውሰደው ብለው እንደነበር፣ እዚህ ያመጡት ለእህታቸው ሲሉ እንደሆነ፣ ወደ እናቴ ሳይሆን ወደ ሰዎቻቸው ዞረው ተናገሩ። እናቴ መሬት መሬት ታይ ነበር። እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እውነቱን አውቀዋለሁ፣ እውነት ደግሞ ሲታወቅ ይነገራል ብዬ አምን ነበር፤ ሌላው ቢቀር ይህን እምነቴን እስከ ዛሬ አልተውኩትም። አፌን ከፈትኩ።

«እሙዬ» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ውሃ አምጪልኝ።»

ወደ ቧንቧው ስሄድ ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁት። የተረጋጋ ነበር።

«በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ነው፣ ጋሽ ሰሎሞን። ለእሑድ ይደርሳል።»

ያንን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሌላ ሰው ምን ያህል እንደሚከብደው አላውቅም። አባቴ ግን ያንኑ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ እንጀራውን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ባልዲውን ይዤ ስመለስ እናቴ ቀና ብላ እያየችው ነበር። እሷ ባሏ ዕቃ እንዴት እንደሚያጥብ ታውቃለች፤ እያየሁ ዓይኗ ከኮፈኑ ወደ ደጃፉ፣ ከደጃፉ ወደ ባሏ ሄደ፣ እዚያም ቆየ። እትዬ ወለላ ከተቀመጡበት ሆነው አጎቴን በአክብሮት እጅ ነሡ፣ ልጅዎ ይባረክ አሉ፣ ወደ ሽንኩርታቸውም ተመለሱ።

አጎቴ ከሄዱ በኋላ አባቴ ግራጫውን ቀለም እስከ መጨረሻው ፈትጎ አወረደው። ቅቤ ግን በላይ ብቻ አይቀመጥም፤ በተፈተገው ፊት ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የጥር ፀሐይ ሲበረታ፣ ኮፈኑን ተሸክሞ በመሰላል የቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወጣው። ቆርቆሮው ከታች፣ ፀሐይ ከላይ ሲያግሉት ቅቤው ላብ ሆኖ መውጣት ጀመረ፤ አባቴም አናቱ ላይ መሐረብ አስሮ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አጠገቡ ተንበርክኮ ላቡን በንጹሕ ጨርቅ ያነሣል፣ ጨርቁን ይጥላል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያነሣል። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ተመለከተው። ሚዜው ሙሽራውን ፀሐይ እያሞቀ ነው አሉ፤ አንዱ ወያላ ከመንገድ ላይ፣ በርጋ ጥሬ ሥጋ ነው እንዴ ቋንጣ የምታደርገው ብሎ ጮኸ። እትዬ ወለላ ከታች አንጋጠው፣ ምን እያደረግህ ነው ልጄ ብለው ጠየቁ። ብርድ እንዳይመታው ነው፣ እትዬ አላቸው። እሳቸውም አመኑ፤ ሕፃን ሳለ እሳቸውም ፀሐይ ያሞቁት ነበርና።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ አፈሰሰበት። እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ወረደ።

ያ ቅዳሜ ደግሞ የእናቴ ቀን መሆን ነበረበት። ለድግሱ ከሚሠራው ወጥ ውስጥ ድርሻዋ ነበር፤ የተከተፈው ሽንኩርት በሁለት ጎላ ሞልቶ፣ ምድጃው ተዘጋጅቶ፣ የእህቶቿና የወንድሟ ቤት ሰዎች ወጡ እንዳይዘገይ ደጋግመው አሳስበው ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ምክንያት ብቻ ጭቅጭቅ ይነሣ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ አንዱን ጎላ ጆሮውን ይዛ ብድግ አደረገችው፣ እትዬ ወለላን ሁለተኛውን እንዲይዙላት ጠየቀቻቸው፣ እማማ ጽጌን አስከትላ፣ በግቢው በር ወጥታ፣ ከአስፋልቱ ማዶ እስካለ ወዳጅ ቤት ድረስ ሽንኩርቱን ተሸክማ ሄደች። እማማ ጽጌ ከኋላ ኋላ፣ በርጋ ጾሙን ለእኛ አውጆ እሱ ሊበላ ነው እያሉ ይከተላሉ። ባሏን በሥራው ላይ እናቴ ስታከብረው በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከሽንኩርት ጋር በመሆኑ ማንም ልብ አላለውም።

ግቢው ጸጥ አለ። አባቴ ነጠላውን አሰረ፣ መሬቱን ረጨ፤ ከዚያ ክንዱ መሄድ ጀመረ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ፍጥነት፣ እያንዳንዱ ንብርብር የፊተኛውን ግማሽ እየሸፈነ፣ ጫፍ ላይ ሳይቆም እያለፈና እየተመለሰ። መደነስ የሚችሉ ሰዎች አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ክንድ አላየሁም። የመጨረሻው ብሩህ ሽፋን ሲያርፍበት የዳሱ ፕላስቲክ፣ የአባቴ ሸሚዝና በመሐል በክፍተቱ የገባው ሰማይ ቀለሙ ውስጥ ተገለበጡ፤ አንድም ዓይን አልተከፈተም።

እሑድ ሳይነጋ ኮፈኑን ለመግጠም ሲያነሣው፣ ከጀርባው ገለበጠው፤ ውስጡን አልቀባውም ነበር፣ ጥሬው ፋይበር ቡናማ ሆኖ ይታያል። እህቱን ጠራቸው።

«እትዬ፣ ያን ቅቤ ቀቢልኝ።»

«ቀብቼው የለም እንዴ?» አሉ እትዬ ወለላ ግራ ተጋብተው።

«ከላይ ነበር። ከላይ ያለውን ፀሐይና ዝናብ ይወስደዋል። እዚህ፣ ከሞተሩ በላይ ይሁን። መኪናን የሚይዘው ሞተሩ ነው።»

«አንተ ታውቃለህ» አሉና ከኮባው ቅቤ ቆርሰው፣ በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡበት፤ ምርቃታቸው ረጅም ነበር፣ አባቴም እስከ መጨረሻው ኮፈኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አሜን እያለ ቆመ። እኔ መብራቱን ይዤ ነበር።

ሙሽራዋ በዚያች መኪና ሄደች። አጎቴ ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳብሰው፣ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው አሉ፤ ከዚያ የበለጠ አላሉም፣ አባቴም ከዚያ የበለጠ አልጠበቀም። ሰዎች አበባ የታሰረበትን ኮፈን ከበው ፎቶ ተነሡ። እትዬ ወለላ ለሰማቸው ሁሉ መንገዱ የቀናው በምን እንደሆነ አውቃለሁ እያሉ ሲስቁ ዋሉ፤ በሞቱበትም ቀን እንዲሁ ያምኑ ነበር።

አባቴ የሞተው በሳንባው ነው። አፉ ላይ ያስረው የነበረው የእናቴ ነጠላ ጭንብል አይደለም፤ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ ባሕር ማዶ በሚገኝ ቤተ ሙከራ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ ነው። የምወደው ሽታና እሱን የገደለው ሽታ አንድ ናቸው፤ ለመነጣጠል ሞክሬ አልተሳካልኝም። ግቢው ፈረሰ፣ ቧንቧው ተነቀለ፣ እማማ ጽጌ የት እንደተዛወሩ አላወቅኩም፣ እናቴ በተሰጣት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት በፈለገችው ቀን ትጠብሳለች፤ አንድ ቀን ድስቱን ከምድጃው ላይ አንሥታ ቆማ አገኘኋትና ምን እንደሆነች ጠየቅኳት፣ ዛሬ ምን ቀን ነው አለችኝ። እኔም የሌሎችን ናሙና መርምሬ ጉድለቱ የት፣ በማን እጅ እንደገባ በጽሑፍ በመለየት እኖራለሁ። ሥራዬን አሳምሬ እሠራለሁ፤ ስብሰባ ስገባ ወሬ የሚቋረጠው ለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የሌላውን ጥፋት የእኔ ነው ያለ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት አልቀረበም፤ የራሱንም የእኔ ነው የሚል ብርቅ ነው።

ከክሊኒኩ ስወጣ ወደ ቢሮ መመለስ ነበረብኝ። ግማሽ ፊቴ እንደደነዘዘ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ሰሎሞን አርጅተዋል፤ ክራቫቱ ቀርቷል፣ ከዘራ ተተክቷል። ኮሮላዋ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች፣ ገዢ ሊያያት ስለሚመጣ ሽፋኗን አንሥተውላታል። በሮቿ ግርጌ ዝገት በልቷቸዋል፣ ፓራፋንጎዎቿ ተበስተዋል፣ ጣሪያዋ ተላልጧል። ኮፈኑ ብቻ እንዳለ ነው፤ ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ በውስጡ የጎለመሰች ሴት ፊት አየኝ። ጠርዙን በዓይኔ ተከተልኩ። የክብሪት ቀፎ ካርቶን ዛሬም ሳይይዝና ሳይወድቅ ይሄድበታል።

አጎቴ ኮፈኑን እንዳነሣላቸው ጠየቁኝ። ከውስጥ በኩል፣ ከሞተሩ በላይ፣ ሙቀት ያጠቆረው፣ አቧራ የነከሰው መስቀል እንደተሳበ ነበር፤ የአውራ ጣቱ ስፋት ሳይቀር ይታያል። አጎቴ በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱ።

«ይሄ እድፍ ምንድን ነው? ገዢው ካየው ዋጋ ይሰብርበታል።»

ጥፋትን ከነባለቤቱ መናገር ሙያዬ ነው።

«በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

አጎቴ ዞረው አዩኝ። የደነዘዘው ፊቴ ምን እንዳሳያቸው አላውቅም።

«በርጋ?» አሉ። «በርጋ ሳያጥብ የሚቀባ ሰው አልነበረም።»

ይህን ቃል አባቴ ቢሰማው ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ዳሱ ይመለስ ነበር። የሚመለስበት ዳስ የለም፣ የሚመለሰውም የለም። ኮፈኑን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ አወረድኩትና በጣቴ መገጣጠሚያ አንድ ጊዜ አንኳኳሁት። እንደ ደረቅ ቅል ጮኸ።